የልጄ አጥንትና ጾሟ

ጥያቄ፦ መምህር፣ የ14 ዓመት ልጄ ትምህርት ቤት ስትሮጥ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። ሐኪሙ ካልሲየም እንደሚያንሳት ነግሮን ኪኒን አዘዘላት፤ ወተትም ትጠጣ አለ። እሷ ግን ጾሟን አትሽርም፤ ኪኒኑንም «ጾም ይገድፋል» ብላ አስቀምጣዋለች። እናቴም «አጥንትን የሚጠብቅ እግዚአብሔር ነው» ትለኛለች። ጾሙን ላስተዋት ወይስ ዝም ልበል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ልጅሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። በሚያስቸኩለው ልጀምር። ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ጾም አይገድፍም፤ ኪኒኑን ዛሬውኑ ትጀምር። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው የካልሲየም ኪኒን ከምግብ ጋር ሲወሰድ ይበልጥ ይሠራል፤ ስለዚህ ከጾም ሰዓት በኋላ ከማዕዱ ጋር ብትውጠው ለሁለቱም ይስማማል። ለደም ማነስ የሚሰጠውንም የብረት (አይረን) መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ግን አንድ ላይ አትዋጣቸው። ካልሲየሙ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያውከዋልና ሰዓቱን ሐኪሙ ይለይላችሁ።

«ላስተዋት ወይስ ዝም ልበል» ያልሽውን ከብዙ እናቶች ሰምቼዋለሁ። ከሥሩ ያለው አሳብ አንድ ነው፦ ጾም ማለት ሰውነትን ማጎሳቆል ነው የሚል። እናት ይህን ይዛ ትፈራለች፤ ልጅ ይህንኑ ይዛ ትኮራለች። በሰንበት ትምህርት ቤት «ዐቢይ ጾምን በዳቦና በሻይ ጨረስኩት» እያሉ የሚፎካከሩ ልጃገረዶች አጋጥመውኛል። ጥፋቱ የእነርሱ ብቻ አይደለም። እኛ መምህራን ስለ ጾም ስናስተምር ስለሚቀረው ምግብ አብዝተን እንናገራለን፤ ሲፈታ ስለሚበላው ግን ዝም እንላለን። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ሳደርግ ቆይቻለሁ።

ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ጾምን ሲተረጉም፣ ሰው በሕግ በታወቀው ጊዜ ከምግብ መከልከሉ ነው ይላል። ምክንያቱንም ሲናገር የፈቃድ ኃይል እንዲደክም፣ ሥጋም ለነፍስ እንዲታዘዝ ነው ይለናል። እንግዲህ እንዲደክም የታዘዘው ፈቃዳችን ነው፤ የልጅሽን አጥንት አድክሙ ያለ ቀኖና የለም። ሐዋርያውም «የገዛ ሥጋውን የሚጠላ ከቶ የለም» ካለ በኋላ «ይመግበዋል ይከባከበውማል» ብሏል (ኤፌ. 5፥29)። ዳንኤልና ባልንጀሮቹ የንጉሡን ማዕድ ትተው ጥራጥሬ በበሉ ጊዜ ገና ብላቴኖች ነበሩ። ከአሥር ቀን በኋላ ሲታዩ ግን ከሌሎቹ ይልቅ ፊታቸው አምሮ ሥጋቸውም ወፍሮ ተገኘ (ዳን. 1፥15)። ከሥጋና ከወይን ተከለከሉ እንጂ ባዶ ሆዳቸውን አልዋሉም።

የልጅሽ ዕድሜ ደግሞ እንደኛ ዕድሜ አይደለም። ሴት ልጅ በሕይወቷ የሚኖራትን የአጥንት ክምችት እስከ 18 ዓመቷ ድረስ 90 በመቶ ያህሉን ትጨርሳለች። ከ9 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች ሐኪሞች በቀን 1,300 ሚሊ ግራም ካልሲየም ይመክራሉ፤ ለእኔና ለአንቺ ከሚሉት ይበልጣል። ደም የጎደለውን ካልሲየም ከአጥንት ይበደራል፤ አሁን ያልተከማቸውም የወር አበባ በሚቆምበት ዕድሜ ስብራት ሆኖ ይመጣል።

ሁሉን በጾም ላይ ከመጫንሽ በፊት ግን የፍስኩን ቀን ተመልከቺ። አንድ ብርጭቆ ወተት ወደ 300 ሚሊ ግራም ካልሲየም አለው። እርጎውና አይቡም እንዲሁ ይረዳሉ። ልጅሽ በፍስክ ቀን ስንት ብርጭቆ ትጠጣለች? «ልጄን ጾም ጎዳት» ያሉኝን እናቶች ይህን ስጠይቃቸው፣ አብዛኞቹ ልጅቷ በፍስኩም ለስላሳና ቺፕስ እንጂ ወተት እንደማትወድ ነግረውኛል። እንዲህ ከሆነ ጾሙን ብታስተዪያትም የምታተርፊው ጥቂት ነው።

በጾሙ ቀን ደግሞ ማዕዱን አታደህዪው። ጤፍ ከስንዴ ይልቅ ብዙ እጥፍ ካልሲየም አለው፤ ስለዚህ በዳቦ ፋንታ እንጀራ ትብላ። ጎመን አዘውትሪላት። ቆስጣ ጎመንን የሚተካ ይመስላል፣ ግን በውስጡ ያለው ኦክሳሌት ካልሲየሙን ይዞ ያስቀረዋል። ከነልጣጩ የተቆላና የተወቀጠ ሰሊጥ አንድ የሾርባ ማንኪያው ወደ 90 ሚሊ ግራም ይይዛል። ካልሲየም የተጨመረበት የአኩሪ አተር ወተት ከተገኘም ጥሩ ነው። ፀሐይም አትርሺባት፤ ያለ ቫይታሚን ዲ ካልሲየሙ በሚገባ አይመጠጥም።

የእናትሽን ቃል አታቃልዪ፤ «አጥንቶቻቸውን ሁሉ ይጠብቃል» የሚለውን ይዘው ነው (መዝ. 33፥20)። ነገር ግን ያ ጠባቂ የኢያኢሮስን ልጅ ከሞት ባስነሣ ጊዜ ያደረገውን አስቢ። ልጅቷ 12 ዓመቷ ነበር። ሞትን በቃሉ ያራቀ ጌታ ረኀቧንም በቃሉ ሊያርቅ ይችል ነበር፤ እርሱ ግን ወደ ቤተ ሰቦቿ ዘወር ብሎ «የምትበላውን ስጧት» አለ (ማር. 5፥43)። ማስነሣቱን ለራሱ አደረገ፣ ማብላቱን ለእነርሱ ሰጠ። ያ ትእዛዝ ለአንቺም ነው።

አንድ ነገር በጸጥታ ተከታተዪ። አንዳንድ ልጃገረዶች ለመክሳት ፈልገው በጾም ይሸሸጋሉ። ልጅሽ ጾሙ ከተፈታ በኋላም ምግብ የምትሸሽ፣ በመስታወት ፊት የምታዝን፣ ወይም የወር አበባዋ የቀረ ከሆነ ነገሩ ከጾም አልፏልና ሳትቆጪ ወደ ሐኪም ውሰጃት። የወር አበባ መቅረት ራሱ አጥንት ያሳሳል።

ጾሙን ራስሽ አታስተዪያት። የንስሐ አባቷ ዘንድ አብራችሁ ሂዱ፣ ሐኪሙ ያለውን ሳትቀንሱ ንገሯቸው። ክንዷ እስኪጠገን ሰዓቱን ሊያሳጥሩላት ይችላሉ፤ ለጊዜው ወተቱን ከፈቀዱላትም ያለ ኀፍረት ትጠጣው። ለታመመ ማቃለል ቤተ ክርስቲያን ከጥንት የያዘችው ሥርዓት ነው። ይህን ከአንቺ ብትሰማ እናቴ ፈራች ትላለች፤ ከንስሐ አባቷ ስትሰማው ግን መታዘዝ ይሆንላታል።

እናትሽም የሰሊጥ ፍትፍት ከእኔ ይልቅ ያውቁበታል። በመጪው ረቡዕ ልጅቷን አጠገባቸው አስቀምጠው አሠራሩን ያሳዩዋት።