ማይክ ልትይዙ ላሰባችሁ የሐዋሳ ልጆች

ቴክኖና ሃውስ (በማሽን ምት የሚሠሩ የጭፈራ ሙዚቃዎች)፣ አምቢየንት (ዝግ ያለ፣ ብዙ ጊዜ ምት የሌለው ሙዚቃ) እና ኢንዲ ሮክ (ከትልልቅ ኩባንያዎች ውጪ የሚሠራ ሮክ) የሚያጫውት የማታ ፕሮግራም ኤፍኤም ላይ ልትጀምሩ እንዳሰባችሁ ሰማሁ። እኔ ዕድሜዬን ስቱዲዮ ውስጥ ነው የፈጀሁት። ሐሳባችሁ በጣም ደስ ብሎኛል፤ የማውቀውን ልንገራችሁ።

ብዙዎቻችሁ የምትጨነቁት ማንም ያልሰማውን ሙዚቃ ፈልጎ ለማግኘት ነው። እሱ ቀላሉ ሥራ ነው። ከባዱ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገሩ ነው። አድማጭ እንግዳ ነገር ስለሰማ ብቻ ጣቢያ አይቀይርም። ከጥላሁን ገሠሠ አንስታችሁ ድንገት የጀርመን ቴክኖ ላይ ስትጥሉት ነው የሚሄድባችሁ። እጁን ይዛችሁ ውሰዱት።

ለምሳሌ ከኪቦርድ ተጫዋቹ ከኃይሉ መርጊያ ጀምሩ። በ1985 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሆነው ብቻቸውን የቀረጹት ካሴት አለ። አኮርዲዮን አለበት፣ ኪቦርድ አለበት፣ ከሥር የከበሮ ማሽን ይመታል። ዜማውን እናቶቻችሁ ያውቁታል፤ ምቱን የያዘው ግን ማሽን ነው። ካሴቱ በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ታትሞ የውጭ አገር ወጣት ወደደው። ከእሱ ቀጥሎ «እንደገና ሙሉ» የሚባለውን ሙዚቀኛ ወይም ሚካኤል ሰይፉን አስገቡ። የአገር ቤቱን ድምፅ ኮምፒውተር ላይ እየቆራረጡ አዲስ ነገር የሠሩ የእኛው ልጆች ናቸው። እዚህ ላይ የአድማጩ ጆሮ ማሽኑን ለምዶታል። አሁን የአሜሪካዋ ከተማ ዲትሮይት ብትገቡ፣ እነ ሁዋን አትኪንስና ዴሪክ ሜይ በ1980ዎቹ የሠሩትን ቴክኖ ብታሰሙት፣ ባዕድ አይሆንበትም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ችክችካ በስድስት ይቆጠራል፣ ሃውስ በአራት። ሁለቱን ዝም ብላችሁ ብትቀጥሏቸው የሰሚው እግር ይደናቀፋል። መሃል ላይ ከበሮ የሌለበት ነገር አስገቡ፤ ለሁለት ደቂቃም ቢሆን። በገናን ግን ለዚህ እንዳትጠቀሙበት አደራ። የጸሎት መሣሪያ ነው። በጭፈራ ሙዚቃ መሃል ሲሰማው የሚያዝን ሰው አለ፤ ልክም ነው።

«ይሄ ነገር እኮ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚደጋግመው» የሚላችሁ አይጠፋም። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጫምባላላ ሲደርስ ጉዱማሌ ሂዱና የሲዳማ አባቶች ቄጣላ ሲሉ ቁሙና ስሙ። አንዱ ያወጣል፣ ብዙው ይቀበላል፣ እግር መሬት ይመታል፣ ደግሞ ይመለሳል። በድግግሞሹ ውስጥ ሰው ይሞቃል። በዚህ ከተማ ያደገ ጆሮ ድግግሞሽ አዲሱ አይደለም። ይህን ስታውቁ ለአድማጫችሁ ያላችሁ አክብሮት ይጨምራል፤ ከላይ ሆናችሁ ማስተማሩን ትተዋላችሁ።

«የፈረንጅ ጫጫታ» የሚላችሁም አለ። አትቆጡ፣ ታሪኩን ንገሩት። በ1944 እ.ኤ.አ. ሐሊም ኤል ዳብ የሚባል ወጣት ግብፃዊ ካይሮ ውስጥ ከሬዲዮ ጣቢያ በሽቦ ላይ የሚቀርጽ መሣሪያ ተዋሰ። ሴቶች ዛር ሲያወርዱ ድምፃቸውን ቀረጸ። ከዚያ ስቱዲዮ ገብቶ ድምፁን አስተጋባው፣ ቀነሰው፣ ለወጠው። ፓሪስ ውስጥ ፒየር ሼፈር በፈረንሳይ ሬዲዮ ተመሳሳይ ሥራ የጀመረው በ1948 እ.ኤ.አ. ነው፤ በጀርመን የኮሎኙ ሬዲዮ ስቱዲዮ በ1951 እ.ኤ.አ. ተከተለ። ሦስቱም በሬዲዮ ቤት ዕቃ ነው የተሠሩት። ኤል ዳብ ደግሞ በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በ1963 እ.ኤ.አ. ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንት አንድ መድረክ ላይ አብረው የተጫወቱበት ቡድን ነው። እኔ ይህን ታሪክ ሳወራ ዛሬም ልቤ ይሞላል።

አሁን ወደ ባጃጅ እንሂድ። ቀልድ አይደለም። አድማጫችሁ ከፒያሳ ወደ አሞራ ገደል በባጃጅ እየሄደ ነው የሚሰማችሁ። ስፒከሯ ከመቀመጫው ጀርባ ናት፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ሸራው በነፋስ ይመታል። ስቱዲዮ ውስጥ በትልቅ ስፒከር ደረታችሁን የሚመታው ቤዝ፣ ወፍራሙ ድምፅ፣ እዚያ የለም፤ ትንሽ ስፒከር አያወጣውም። ሙሉ ሥራው በቤዝ ላይ የቆመ ሙዚቃ ከሆነ ለተሳፋሪው የሚደርሰው ጢስ ጢስ የሚል ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ ከማጫወታችሁ በፊት በስልካችሁ ስፒከር፣ ብትችሉ ባጃጅ ውስጥ ስሙት። ዜማው ወይም የላይኛው ምት ካልተሰማ ሌላ ምረጡ።

አምቢየንት ስታጫውቱ ደግሞ ለቴክኒሺያኑ አስቀድማችሁ ንገሩት። አንዳንድ ጣቢያ ዝምታ ሲረዝም ራሱ ሌላ ሙዚቃ የሚያስገባ መሣሪያ አለው። ድምፁ ዝቅ ያለ ሙዚቃ መሃል ላይ ሌላ ሙዚቃ ሲገባበት ያበሳጫል።

ስለ ንግግር ብዙ አልልም። የሙዚቀኛውን ስም ከመጀመሩ በፊትም ካለቀ በኋላም ጥሩ። መሃል የገባውም ይስማ። ዘፈን ላይ አታውሩ።

የከተማው ልጆች ቤታቸው ላፕቶፕ ላይ የሠሩትን መላካቸው አይቀርም። በቴሌግራም የድምፅ መልእክት አድርገው ከላኩላችሁ እንደገና ላኩ በሏቸው፤ ድምፁ ተጨምቆ ይበላሻል። ዋናውን፣ ያልተጨመቀውን የዌቭ ፋይል ይላኩ። ሥራው ካልደረሰ «አልደረሰም» ብላችሁ ብቻ አትተዉት። ቤዙ ከድምፃዊው ጋር ይጋጫል፣ መግቢያው ረዝሟል፣ ይህን አስተካክልና ላክ በሉት። ሲደርስ ደግሞ የፕሮግራሙ መጨረሻ ላይ፣ ሰው ሊተኛ ሲል አትወርውሩት። ከኃይሉ መርጊያ ቀጥሎ አስገቡት፤ ሙሉ ስሙንና ሠፈሩን ጥሩለት፤ እስኪያልቅም አትቁረጡበት።