ቡችላችን ሌሊት ሌሊት ምንጣፉን ያበሰብሰዋል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ቡሬ ነው። ባለቤቴ ከገጠር ዘመዶቹ ቤት አንድ ቡችላ አመጣልን። ልጆቹ ነብሮ ብለውታል። አሁን ሁለት ወር ተኩል ሆኖታል። ቀን ግቢ ውስጥ ሲሯሯጥ ይውላል፣ አያስቸግርም። ማታ ግን ጅብ ስለሚመጣ ውጭ ማሳደር ፈራን። ሳሎን ጥግ አሮጌ ጋቢ አንጥፈንለት ያድራል። ጠዋት ስነሳ የላስቲክ ምንጣፉ በሽንት ርሶ ነው የማገኘው። አንዳንዴ ሁለት ሦስት ቦታ ነው። እንዳያለቅስ ብዬ ማታ 3 ሰዓት ላይ ወተት እሰጠዋለሁ፣ ከዚያ 3 ሰዓት ተኩል ላይ እንተኛለን። አፍንጫውን ሽንቱ ላይ እያሸሁ ተቆጣሁት። በበረኪናም አጠብኩ። ለውጥ የለም። አማቴ ጸሎት በሚደረስበት ቤት ውሻ ማሳደር ነውር ነው ይላሉ። ባለቤቴ ደግሞ እስከ መስቀል ካልተወ ለሰው እሰጠዋለሁ ብሏል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ያለቅሳሉ። ምን ላድርግ?
የነብሮ አሳዳጊ፣ ከቡሬ

መልስ፦ እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንዎ። አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ማሸቱን ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት።

ይህን የምለው በዓይኔ ስላየሁት ነው። ያደግሁት ብቸና አካባቢ ነው። ልጅ ሳለሁ አንድ ቡችላ ነበረን። ቤት ውስጥ በሸና ቁጥር አባቴ በአርጩሜ ይመታው ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ወለሉ ደረቀ። ተማረ ብለን ደስ አለን። በኋላ እናቴ እህል ልታወጣ ስትሄድ ጎተራው ጀርባ ያለው መሬት ርሶ፣ ጠረኑ አላስገባ አላት። ቡችላው የተማረው ከእኛ ተደብቆ መሽናትን ነበር። ውጭ ስናወጣውም አጠገባችን አይሸናም፣ ይፈራናል። ጠዋት ሲቆጡት ሌሊት ላደረገው ነገር መሆኑን ቡችላ አያውቅም። የሚገባው እርስዎ መቆጣትዎ ብቻ ነው።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። ቡችላ ሽንቱን ቋጥሮ የሚቆየው በግምት በዕድሜው ወር ልክ፣ አንድ ሰዓት ተጨምሮበት ነው። ሁለት ወር ተኩል ከሆነው ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ማለት ነው። እናንተ 3 ሰዓት ተኩል ተኝታችሁ ጠዋት 12 ሰዓት ብትነሱ ስምንት ሰዓት ተኩል ይሆናል። በዚያ ላይ ወተት ጠጥቶ ነው የተኛው። ነብሮ አልባለገም፣ ፊኛው ገና አልጠናም።

ስለዚህ የማታውን ወተት ያቁሙ። የላም ወተት የብዙ ቡችላዎችን ሆድ ያላላል፣ ሌሊት ዓይነ ምድር ካስቸገራችሁ አንዱ ምክንያት እሱ ሊሆን ይችላል። እራቱን 12 ሰዓት ላይ ይስጡት። ውኃውን 2 ሰዓት ገደማ ያንሱ። ቀን ግን ውኃ እንዳይጎድልበት አደራ።

ከዚያ ሌሊት መነሳት አለ። እዚህ ላይ አልዋሽዎትም፣ ያለ እንቅልፍ ማጣት የሚሆን ነገር አይደለም። 3 ሰዓት ተኩል ላይ ከመተኛታችሁ በፊት ያውጡት። ስልክዎን ለ7 ሰዓትና ለ10 ሰዓት ተኩል ይሙሉት። ባለቤትዎ አንዱን ተራ ቢይዙ እንዴት ጥሩ ነበር። ሲያወጡት ታቅፈው ይውሰዱት። በእግሩ ከሄደ በሩ ጋ ሳይደርስ ይለቀዋል። አያጫውቱት፣ ብዙ አያናግሩት። ሸንቶ ሲጨርስ ወዲያው «ጎበዝ ነብሮ» ይበሉት፣ ትንሽ ሥጋ ወይም ቁራሽ ዳቦ ያጉርሱት። ጉርሻው እዚያው ውጭ ይሁን። ቤት ከገባ በኋላ ከሆነ የተሸለመው ስለ መግባቱ ይመስለዋል። አንድ ሳምንት ያህል ደረቅ ካደረ የ7 ሰዓቱን በግማሽ በግማሽ ሰዓት እየገፉ ይሂዱ።

ጅቡን ረስቼው አይደለም። አጥር ድረስ መሄድ አያስፈልግም። የነሐሴ ዝናብም አያስወጣም። ከበሩ ሳይርቁ ታዛው ሥር፣ ዝናብ የማይደርስበት አንድ ጥግ ይምረጡ። አፈርና አመድ ይበትኑበት። በመጀመሪያው ቀን ሽንቱ የነካውን ጨርቅ እዚያ ያኑሩ። ቡችላ ቦታውን የሚለየው በጠረን ነው። ባትሪ ይዘው አብረውት ይቁሙ፣ ብቻውን አይልቀቁት።

ሳሎኑን በሙሉ መልቀቅም ልክ አይደለም። ቡችላ የተኛበትን ማርጠብ አይወድም፤ ሰፊ ቦታ ካገኘ ግን አንዱ ጥግ ሸንቶ ሌላው ጥግ ይተኛል። ከገበያ የቲማቲም ሳጥን ያምጡ። ስፋቱ የሚቆምበት፣ የሚዞርበትና የሚተኛበት ያህል ብቻ ይሁን፤ ሲያድግ በሰፋ ይቀይሩለት። ሚስማሩን ያውጡና ጋቢውን አጥፈው ያንጥፉበት። ሲነጫነጭ እንዲሰሙት ለጊዜው ከአልጋዎ አጠገብ ያድርጉት። ጠርዙን እየቧጨረ ከተንቆራጠጠ ሰዓቱን አይጠብቁ፣ ብድግ ይበሉ። ለአማትዎም ይህ ይሻላቸዋል ብዬ አስባለሁ። ጸሎት ከሚያደርሱበት ክፍል ወጣ ይላል፣ ሲያድግ ደግሞ ግቢ ውስጥ የራሱ ቤት ይሠራለታል። እሳቸውን አክብረው ይህንኑ ይንገሯቸው።

አሁን ወደ ምንጣፉ። ጠርዙን ገልበጥ አድርገው አይተውታል? ሽንቱ ሥር ገብቶ ሲሚንቶው ላይ ይተኛል። ላዩን ቢያጥቡት ለእርስዎ ይጸዳል፣ ለነብሮ አፍንጫ ግን ሽንት ቤቱ እዚያው ነው። ምንጣፉን አንስተው ሁለቱንም በኦሞ ይጠቡ፣ በብዙ ውኃ ያለቅልቁ። ከዚያ አቸቶን ከእኩል ውኃ ጋር ደባልቀው ይቀቡትና ይድረቅ። በረኪና ይቅርብዎ። ከሽንት ጋር ሲገናኝ ደረት የሚያፍን ጭስ ያወጣል። ከአቸቶ ጋር ደግሞ ፈጽሞ አይቀላቅሉት፣ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው፣ ቤት ውስጥ ልጆች አሉ።

ቀንም ጠብ ጠብ እያደረገ ቶሎ ቶሎ የሚሸና ከሆነ፣ ደም ካለበት፣ ወይም ውኃ አልጠግብ ካለ ሕመም ሊሆን ስለሚችል የእንስሳት ክሊኒክ ይውሰዱት። ለነገሩ መሄድዎ አይቀርም። የትል መድኃኒት ካልወሰደ አሁን መውሰድ አለበት፣ ሦስት ወር ሲሞላው ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይከተብ። ልጆች የሚያቅፉት ውሻ ነውና ይህን እንዳያሳልፉት።

ለባለቤትዎ ይህን ይንገሯቸው። ለመስቀል ነብሮ አራት ወር ይሞላዋል። ብዙ ቡችላዎች ሌሊቱን በሙሉ መያዝ የሚጀምሩት በዚያ ዕድሜ ገደማ ነው። ደመራው እስኪለኮስ ይታገሱት። እስከዚያ የሆነውን ጽፈው ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል።