ማኅተሙ የከተማው፣ ስሙ የመንደሩ

ጥያቄ፦ አያቴ ከ1949 እስከ 1956 ዓ.ም. ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ የላኳቸው 14 ደብዳቤዎች እጄ ላይ አሉ። ማኅተሙ ደብረ ማርቆስ ይላል። በራስጌው የጻፉት የመንደር ስም ግን ዛሬ በካርታም በቀበሌ ዝርዝርም የለም። ከፖስታ ቤት መዝገብ አገኘው ይሆን? (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ተራ ደብዳቤ ማኅተም ተመትቶበት ይሄዳል እንጂ መዝገብ ላይ አይሰፍርም፤ የአያትዎን ስም እዚያ መፈለግ ድካም ነው። የሚመዘገቡት የአደራ ደብዳቤ፣ ጥቅልና ሐዋላ ናቸው። ካመለከቱ የሐዋላውን ያስቀድሙ፤ ገንዘብ ስለሚከፈልበት የተቀባዩ ማንነት ይጣራል። የትብብር ደብዳቤ ይያዙ፤ ማመልከቻው ላይም «የድሮ መዝገብ» ሳይሆን የመዝገቡን ዓይነትና ዓመቱን ይጻፉ። ጊዜው ያለፈ መዝገብ ስለሚወገድ ባዶ እጅ መመለስም አለ።

ዋናው ማስረጃ ግን እርስዎ ዘንድ ነው። የማኅተሙ ዓመት ብዙ ጊዜ የፈረንጅ፣ የራስጌው የእኛ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው። ለምሳሌ ራስጌው መጋቢት 12 ቀን 1951፣ ማኅተሙ 24-3-59 ቢል፣ መጋቢት 12 በፈረንጅ ማርች 21 ስለሆነ ቅዳሜ የተጻፈው ማክሰኞ ታተመ ማለት ነው። 14ቱንም እንዲህ አስልተው በአንድ ወረቀት ይደርድሩ። ማኅተሙ ደጋግሞ አንድ ቀን ላይ ከዋለ የገበያ ቀን ይጠርጥሩ፤ ገበሬ ለደብዳቤ ብሎ ከተማ አይወጣም፣ ገበያተኛ ይዞለት ይሄዳል። የፖስታ መኪና መነሻ ቀንም ሊሆን ስለሚችል የዚያን ጊዜውን ገበያ ከሽማግሌ ይጠይቁ። ከገበያ ቀን ጋር ከገጠመ ፍለጋዎን ከከተማው በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ከሚያስኬደው ዙሪያ ይጀምሩ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ከዚህ በኋላ ነው፤ ስሙን በቀበሌ ዝርዝር ይፈልጉታል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ገበሬ ማኅበራት አዲስ ስም ይዘው መጡ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ የመንደር ምሥረታ ቤቶቹን አነሣ፣ ቀበሌዎችም እርስ በርስ ተቀላቀሉ። የቀድሞው አድራሻ ጠቅላይ ግዛት፣ አውራጃ፣ ወረዳ ብሎ አጥቢያ ላይ ያርፋል፤ አጥቢያ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ነው። ስለዚህ በ1፡50,000 ካርታ (1 ሴንቲ ሜትሩ በመሬት 500 ሜትር በሆነው) ላይ መንደር ሳይሆን የቤተ ክርስቲያን ምልክት ይፈልጉ፤ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን እያለዋወጡም ይሞክሩ። በጎጃም ርስት በአቅኚ አባት (መሬቱን መጀመሪያ ባቀናው) ስም ስለሚጠራ፣ መንደር ያሉት የአባት ስም ሆኖ ሊገኝም ይችላል። ይህን ከቀበሌ ጸሐፊ ይልቅ የአጥቢያው ቄስ ወይም የድሮ ግብር ደረሰኝ ያስቀመጠ ቤተሰብ ያውቀዋል።

ጥያቄ፦ ማኅተሙ ደብዝዟል። ቴምብሩን በውኃ ነቅዬ ላንብበው? (አንባቢ፣ ከሞጣ)

መልስ፦ አይንቀሉ። የማኅተሙ ግማሽ ቴምብሩ ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ነው፤ ከተለያዩ ወይ የከተማው ስም ወይ ቀኑ ይጎድላል፣ ውኃውም ቀለሙን ሊያፈሰው ይችላል። ክፍሉን አጨልመው የስልክ መብራት ከጎን፣ ከወረቀቱ ጋር አስተኝተው ያብሩና ፎቶ ያንሡ። ጀርባውንም አይርሱ፤ የደረሰበት ፖስታ ቤት ማኅተም አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው። በስክሪብቶ ማድመቅማ ጨርሶ አይታሰብ።