ከገደቡ በታች የወረደው ቁጥር

ውድ ልጆቼ፣

ብርሃን ያሞቃል ብለን ነው ያደግነው። ሌዘር አቶምን ሊያቀዘቅዝ እንደሚችል መምህሬ ሲነግሩን እኔም አላመንኩም ነበር። ሙቀት ማለት ግን የአቶሞች ሩጫ ነው። በክፍል ሙቀት የሩቢዲየም አቶም በሰከንድ 300 ሜትር ገደማ ይከንፋል፤ ከፊቱ የሚመጣ አንድ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ከዚህ ላይ የሚቀንስለት 6 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። እስኪቆም ድረስ 50,000 ጊዜ ያህል መገፋት አለበት። ሌዘር ይህን ሁሉ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያደርገዋል።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን እ.ኤ.አ. በ1988 የሆነው ነገር ነው። ሶዲየም በዚህ ዘዴ ከ240 ማይክሮኬልቪን (ከፍጹም ዜሮ በላይ በዲግሪ ሚሊዮንኛ) በታች እንደማይወርድ ስሌቱ ይናገር ነበር። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ እነ ስቲቨን ቹ የለኩትም ከዚሁ ጋር ገጥሟል። እዚያው አሜሪካ፣ ጋይተርስበርግ ከተማ የነበሩት እነ ዊሊያም ፊሊፕስ ግን 40 አካባቢ አገኙ። ቁጥሩን አልጣሉትም። በሌላ ዘዴ ለኩ፣ እንደገና በሌላ፤ ያው ሆነ። ስሌቱ አቶሙን ሁለት የጉልበት ደረጃ ብቻ እንዳለው አድርጎ ቆጥሮት ኖሯል። እውነተኛው ሶዲየም ብዙ ንዑስ ደረጃዎች አሉት፤ ብርሃን የሠራውን ኮረብታ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ወደ ሸለቆው ይመለሳል፣ እንደገና ይወጣል፤ በእያንዳንዱ ዳገት ጉልበቱ ይቀንሳል። ይህን ካብራሩት አንዱ የፓሪሱ ክሎድ ኮኸን-ታኑጂ ናቸው። በ1997 ሦስቱ የኖቤል ሽልማት ተጋሩ።

እኔ በወጣትነቴ ከስሌት ጋር ያልገጠመ ቁጥር ሳገኝ መሣሪያውን ወቅሼ ገጹን ቀድጃለሁ። ስህተት እንኳ ቢሆን ምክንያቱን መፈለግ ነበረብኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ለእናንተ የቀረው ሥራ ብዙ ነው። አብዛኞቹ ሞለኪውሎች ፎቶን ከዋጡ በኋላ በሌላ አኳኋን መንቀጥቀጥና መሽከርከር ስለሚጀምሩ ለሁለተኛው ግፊት አይመቹም። ለዚህ ተስፋ የሚሰጠው ፊት ለፊት በተተከሉ ሁለት መስታወቶች መካከል ብርሃንን ማመላለስ ነው። መስታወቶቹ በትክክል ከተቃኙ ብርሃኑ ሲወጣ ከገባበት የበለጠ ጉልበት ይዞ ይወጣል፤ ልዩነቱን የሚከፍለው በመስታወቶቹ መካከል ያለው አቶም ሩጫ ነው፤ ፎቶን መዋጥም ግድ አይሆንበትም። በ2004 በጀርመን ጋርኪንግ የጌርሃርድ ሬምፐ ቡድን አንድ ነጠላ የሩቢዲየም አቶምን በዚህ መንገድ አቀዝቅዟል።

ከሞለኪውል ጋር ስትሞክሩት እንግዳ ቁጥር ቢመጣባችሁ፣ መስታወቱን ከመንካታችሁ በፊት ቁጥሩን ከነሰዓቱ በደብተራችሁ ጻፉት።