ጊታርሽ ቲዩን አልይዝ ካለ፣ ቁልፎቹን ከመቀየርሽ በፊት

ከሦስት ወር በፊት ያገለገለ ጊታር የገዛሽው እህታችን፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ጠዋት ቲዩኑን (ቅኝቱን) አስተካክለሽ ትወጫለሽ፣ ማታ ስታነሺው ወርዷል። ጓደኞችሽ «ቁልፎቹ አልቀዋል፣ በአዲስ ቀይሪያቸው» ብለውሻል፤ በጊታሩ ራስ ላይ ያሉትን፣ ክሩን የሚያጠብቁትንና የሚያላሉትን ማለታቸው ነው። በዚያው ካፖ (አንገቱን ቆንጥጦ ክሮቹን የሚጫነውን) እና ሌላ ምን ምን ዕቃ ልግዛ ብለሽ ጠይቀሻል።

ቁልፎቹን አትቀይሪ። ቢያንስ ገና ነው። ጊታር ከያዝኩ 17 ዓመት ሆነኝ። የራሴን፣ የጓደኞቼን፣ የቤተ ክርስቲያናችንን መዘምራን ጊታር ክር ስቀይርና ስፈታታ ኖሬያለሁ። ቲዩን አልይዝ ብሎ እጄ ከገባ ጊታር ውስጥ ጥፋቱ በእውነት የቁልፉ የሆነው በጣም ጥቂቱ ነው። አብዛኛው የክር ጉዳይ ነው። ክሩ እንዴት ታሰረ? እንዴት ተጠመጠመ? የሚያልፍበት ቦታ ይይዘዋል ወይስ ይለቀዋል? ቁልፍ መቀየር ገንዘብ ያስወጣሻል። ክር በደንብ ማሰር የሚፈልገው ግን አንድ ሰዓት የማይሞላ ጊዜ ነው።

ከሁሉም በፊት ጊታርሽ የየትኛው ክር እንደሆነ ለይተሽ እወቂ። ያገለገለ ስለሆነ ይህን ሳልነግርሽ ማለፍ አልችልም። ክሮቹ ብሪጁ (ሆዱ ላይ ክሮቹ የሚታሰሩበት እንጨት) ላይ በስድስት ትንንሽ ችካሎች ተወትፈው ከገቡ የብረት ክር ጊታር ነው። ብሪጁ ላይ በቋጠሮ የታሰሩ ከሆነና ራሱ ላይ ሁለት ረጃጅም ክፍት ቦታዎች ካሉት ደግሞ ክላሲካል ነው። የሚሸከመው ናይለን ብቻ ነው። ለምሳሌ ያማሃ ሲ40 የናይለን ነው፣ ያማሃ ኤፍ310 የብረት።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ስለደረሰብኝ ነው። የመጀመሪያ ጊታሬ ክላሲካል ነበር። አንድ ቀን ክር ተበጠሰብኝና ልገዛ ስሄድ ሻጩ «የብረቱን አድርግበት፣ ድምፁ ይጎላል» አለኝ። አደረግኩበት። ድምፁም ጎላ። ያኔ ያላወቅኩት፣ ከ12 እስከ 53 የሚባለው የብረት ክር (ቁጥሮቹ የቀጭኑና የወፍራሙ ክር ውፍረት ናቸው) ስድስቱ አንድ ላይ ሲወጠሩ ከ70 ኪሎ በላይ እንደሚስቡ ነው። ናይለኑ የሚስበው ወደ 40 ኪሎ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ከብሪጁ ጀርባ ወረቀት የምታሳልፍ ክፍተት አየሁ፤ ግን ዝም አልኩት። ከጥቂት ቀን በኋላ ሌሊት ላይ ጧ የሚል ድምፅ ቀሰቀሰኝ። መብራት ሳበራ ብሪጁ ከነክሮቹ ተገንጥሎ፣ ከሥሩ የእንጨት ስንጣሪ ይዞ ተነስቷል። ለዚያ ጊታር አባቴ ምን ያህል እንደለፋ ስለማውቅ እስከ ዛሬ ያመኛል። ስለዚህ ዛሬውኑ እዪው።

አሁን ወደ ክሩ። ጊታሩን የሸጠልሽ ሰው የተወልሽ ክር ስንት ጊዜ እንደቆየ አታውቂም። ዝገት የያዘ ወይም ፍሬቶቹ (አንገቱ ላይ ያሉት የብረት መስመሮች) የሚነኩት ቦታ ላይ የተቦረቦረ ክር ምንም ብታደርጊ ቲዩን አይዝልሽም። ሙሉ ስድስቱን ቀይሪ። የብረት ከሆነ ከ11 እስከ 52 ያለው ለጀማሪ ጣት ይመቻል። ዳዳሪዮም ይሁን ኤርኒ ቦል ለዚህ ጉዳይ ያን ያህል ልዩነት የለውም። ልዩነቱ ያለው አስተሳሰሩ ላይ ነው።

የብረቱን ስታስሪ ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀለበት ወደ ቀዳዳው ታስገቢና ችካሉን ትከቺበታለሽ። እዚህ ጋ አትቸኩዪ። ችካሉን በአውራ ጣትሽ ተጭነሽ ያዢና በሌላ እጅሽ ክሩን ወደ ላይ ሳብ አድርጊው። ቀለበቷ ከውስጥ እንጨቱን ስታገኝ ክሩ ቀጥ ይልና መንቀሳቀሱን ያቆማል። ይህን ካላደረግሽ ቀለበቷ የችካሉ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ ትቀራለች። ከዚያ በኋላ በተወጠረ ቁጥር ችካሉ በትንሽ በትንሹ ይነሳል፣ ክሩም አብሮ ይለቃል። ብዙ ሰው ቁልፉን የሚወቅሰው በዚህ ነው።

ቀጥሎ ክሩን በቁልፉ ቀዳዳ አሳልፈሽ ወጥረሽ ያዢው። ከዚያ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ልቀቂለት። ይህ ልቅ ወፍራሙን ክር ሁለት ወይም ሦስት ዙር ለመጠምጠም ይበቃል። ለቀጫጭኖቹ አንድ ዙር ይጨመርላቸው። እያንዳንዱ ዙር ከቀደመው በታች ይተኛ፤ አንዱ በሌላው ላይ መውጣት የለበትም። አንዳንዱ ሰው ክሩን ላለመቁረጥ ብሎ ስምንት ዘጠኝ ዙር ይጠመጥማል። ያ ሁሉ ዙር ቦታ ቦታውን እስኪይዝ ድምፁ ቀኑን ሙሉ ይወርዳል። ክራር የሚያውቅ ሰው ይህን ወዲያው ይረዳዋል። ክራር ላይ ክሩ ቀንበሩ ላይ ከጨርቅ ጋር ይጠመጠማል፤ ጥምጥሙ ልል ከሆነ የፈለግሽውን ያህል ብትቃኚው ተመልሶ ይወርዳል። ጊታርም ቁልፍ ስላለው ብቻ ከዚህ ነፃ አይደለም።

ናይለን ከሆነ ትዕግሥት ያስፈልግሻል። ቀጫጭኖቹ ሦስቱ ክሮች ለብዙ ቀን ይለጠጣሉ። ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፤ ጥፋት አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው። አንደኛው፣ ማለትም ከሁሉም ቀጭኑ ክር ደግሞ በጣም ስለሚያንሸራትት ብሪጁ ላይ ስታስሪው ጫፉን በራሱ ሥር ሁለት ሦስት ጊዜ አሳልፊው።

የታሰረውን ክር አሁን ለጥጪው። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት አካባቢ በሁለት ጣትሽ ያዢና ወደ ላይ ቀስ ብለሽ አንሺው፤ ከዚያ ትንሽ ወደ ግራ ትንሽ ወደ ቀኝ እያንቀሳቀስሽው። አትንጪው፤ ቀስ ነው። መልሰሽ ቲዩን አድርጊ። ወርዶ ታገኚዋለሽ። ድገሚው። ሦስተኛ አራተኛ ዙር ላይ መውረዱን ያቆማል። ያን ጊዜ ክሩ ሥራ ለመጀመር ዝግጁ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የማያየው ቦታ ላይ ደረስን። አንገቱና ራሱ በሚገናኙበት ቦታ ክሮቹ የሚያልፉባት ትንሽ ዘንግ አለች፤ ነት ይሏታል። ስድስት ጠባብ ቦዮች አሏት። ቁልፉን ስታጠብቂ «ጢን» የሚል ድምፅ ከሰማሽ፣ ቲዩነሩም (የመቃኛ መሣሪያው) ላይ መርፌው ዝም ብሎ ቆይቶ በአንዴ ከዘለለ፣ ክሩ እዚያ ቦይ ውስጥ እየተነከሰ ነው ማለት ነው። ቁልፉ ይዞራል፣ ክሩ ግን ከነቷ ወዲህ አልተንቀሳቀሰም። በኋላ ስትጫወቺ ይለቅና ቲዩኑ ይጠፋል። በተለይ ሦስተኛውና አራተኛው ክር ራሱ ላይ ወደ ጎን ስለሚታጠፉ ይህ ይበዛባቸዋል።

መድኃኒቱ የልጆች ቦርሳ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ለስላሳ እርሳስ፣ 2ቢ ካገኘሽ ጥሩ፣ ሹል አድርገሽ ቅረጪ። ክሩን አላልተሽ ከቦዩ አውጪው። የእርሳሱን ጫፍ ቦዩ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አመላልሺው፣ ጥቁር ዱቄቱ ቦዩ ላይ እስኪቀር። ክሩን መልሺው። እርሳስ ውስጥ ያለው ግራፋይት ስለሚያንሸራትት ክሩ በነፃነት ያልፋል። የመዘምራኖቻችን አንድ ጊታር ሁለት ዓመት ሙሉ «አይሆንም» ተብሎ ጥግ ተቀምጦ የነበረ፣ በዚህ ብቻ ነው የተመለሰው። እርሳሱም ካልረዳ ቦዩ ለክሩ ጠቦታል ማለት ነው። ያኔ ጥገና ለሚያውቅ ሰው ስጪው። ራስሽ አትሞርጂው፤ ትንሽ ከጠለቀ ክፍት ክሩ (ሳትጫኚ የምትመቺው) ፍሬት እየነካ ይንጫጫል።

ስትቃኚ ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ ጨርሺ። ክሩ ከልኩ ካለፈ ዝቅ አድርጊውና እንደገና እያጠበቅሽ አውጪው። ቁልፍ የሚዞረው በጥርስ ነው፤ ወደ ታች ስታላዪ ጥርሶቹ መካከል ትንሽ ልቅ ቦታ ይቀራል፣ ክሩም በኋላ ያንን እየሞላ ይወርዳል።

ይህን ሁሉ አድርገሽ ነው ቁልፉን የምታዪው። እጀታውን በጣትሽ ነቅነቅ አድርጊው። ከተወዛወዘ ከኋላ ያለችውን ትንሽ ቡሎን በልክ አጥብቂ፤ ከፊት ለፊት ያለችውም ላልታ ከሆነ እንደዚያው። ጥርሱ ክፍት የሆነ ቁልፍ ከሆነና የሚንቀራጨጭ ከሆነ የስፌት መኪና ዘይት በስቲኪኒ ጫፍ አንድ ጠብታ ይበቃዋል። እንጨቱን እንዳያገኘው።

አየሩም አለ። ጊታር እንጨት ነው፤ እርጥበት ሲስብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። የሚስማማው ከ45 እስከ 55 በመቶ እርጥበት ነው። አዲስ አበባ ክረምት ላይ ሆዱ ወጣ ይልና ክሮቹ ከፍሬቱ ይርቃሉ፤ ስትጫኚ ጣትሽን ያምሻል። በበጋ ደግሞ ይገላበጣል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። የፍሬቶቹ ጫፍ ከአንገቱ ዳር ወጥቶ እጅሽን ከቧጨረሽ እንጨቱ ደርቋል። የብረት ክር ሲሞቅ ይረዝማል፣ ድምፁ ይወርዳል፤ ሲበርደው ይወጣል። ስለዚህ ከውጭ ይዘሽ እንደገባሽ አትቃኚ፤ ሩብ ሰዓት ቤቱን ይልመድ።

እኔ በበጋ የማደርገው ቀላል ነው። የሳሙና ማስቀመጫ ፕላስቲክ ክዳኑን በሚስማር እበሳሳለሁ፣ ውስጡ ረጥቦ በደንብ የተጨመቀ ስፖንጅ አደርጋለሁ፣ ከጊታሩ ራስ አጠገብ ቦርሳው ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። በየጥቂት ቀኑ አየዋለሁ። ጠብ የሚል ውኃ ካለው አይገባም። ክረምት ላይ ከአዲስ ጫማ ጋር የሚመጡትን እርጥበት የሚመጥጡ ትንንሽ ከረጢቶች እጨምርበታለሁ። ጊታሩ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም፣ መስኮት ሥርም አይቆምም። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ በፍጹም አይተውም፤ ሙጫው ይላላል። ዱባይና ሪያድ ያላችሁ የኤሲው ንፋስ በቀጥታ እንዳያገኘው፤ አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ በክረምት ከማሞቂያው አርቁት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ጀማሪ የሚያብድበት ስለሆነ። ኢ ኮርድ ይዘሽ ሦስተኛውን ክር በጆሮሽ እስኪጣፍጥ ታስተካክያለሽ። ከዚያ ጂ ኮርድ ስትይዢ ያው ክር ወርዷል። ጊታሩ አልተበላሸም። የጊታር ፍሬቶች የተከፋፈሉት ኦክታቩን (ከአንድ ድምፅ እስከ ያው ድምፅ ከፍ ብሎ እስከሚደገምበት ያለውን) 12 እኩል የድምፅ ደረጃ ከፍሎ ነው፤ በዚህ አከፋፈል ሜጀር ሦስተኛው ድምፅ (ከኮርዱ መነሻ ሲቆጠር ሦስተኛው) ጆሮ ከሚፈልገው ትንሽ ከፍ ይላል። አንዱን ኮርድ ስታጣፍጪ ሌላውን ታበላሻለሽ። ክፍት ክሮቹን በቲዩነር አስተካክይና ተዪው። ይልቅ ሌላ ነገር ፈትሺ፦ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫኚ ነካ አድርገሽ ሃርሞኒኩን (እንደ ደወል የሚጠራውን ድምፅ) አውጪ፣ ከዚያ እዚያው ተጭነሽ አውጪው። ሁለቱ ካልተመሳሰሉና ክሩ አዲስ ከሆነ ጊታሩ የባለሙያ እጅ ይፈልጋል።

ስለ ዕቃው። መጀመሪያ ራሱ ላይ የሚቆነጠጥ ቲዩነር ግዢ። የስልኩ አፕ ፀጥ ባለ ቤት ይሠራል፤ የሚቆነጠጠው ግን የእንጨቱን ንዝረት ስለሚያነብ ጫጫታ ውስጥም ይሠራል። ላዩ ላይ 440 የሚል ቁጥር አለ፣ የሚቃኝበት ልክ ነው፤ ሁሌ እዪው። አንድ እሁድ የቲዩነሩ ቁልፍ በስህተት ተነክቶ 444 ላይ ነበርና እኔና ኪቦርዱ ሙሉ መዝሙር ስንጋጭ ቆየን፤ ዘማሪዎቹ የማንን እንደሚከተሉ ጠፋቸው።

ሁለተኛ፣ ወፍራም ስፖንጅ ያለው ቦርሳ። ታክሲ የምትጠቀሚ ከሆነ ይህ ከካፖ ይቀድማል። ሦስተኛ፣ ትርፍ ክር። አራተኛ፣ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፤ ተጫውተሽ ስትጨርሺ ክሮቹን ከላይም ከሥርም ጥረጊያቸው። ላብ ነው ክር የሚገድለው። አንገቱ ላይ የምግብ ዘይትም ቫዝሊንም አትቀቢ፤ ቆሻሻ ይይዛል።

ካፖ ከዚያ ይመጣል። ስታስገቢው ፍሬቱ አጠገብ ከጀርባው አስጠጊው፤ መካከል ላይ ካደረግሽው ክሩን ይጎትትና ድምፁን ያወጣዋል። ካስገባሽ በኋላ ቲዩኑን አንዴ አረጋግጪ። ጨርሰሽ ስታስቀምጪው አውልቂው።

አሁን አንድ ነገር አድርጊልኝ። ዛሬ ማታ ስድስቱንም አስተካክዪና ሳትነኪው አሳድሪው። ጠዋት ቲዩነሩን አድርገሽ እያንዳንዱን ክር ወረቀት ላይ ጻፊ፤ ምን ያህል ወጣ፣ ምን ያህል ወረደ። ስድስቱም አንድ ላይ ከተንቀሳቀሱ አየሩ ነው። አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ከወረዱ ያ ክር ችካሉ ጋ ወይም ነቷ ጋ ችግር አለበት። ካልተነካ ጸንቶ አድሮ ስትጫወቺ ብቻ ከወረደ ወደ እርሳሱ ሂጂ። ወረቀቱን ፎቶ አንስተሽ፣ ከብሪጁና ከራሱ ፎቶ ጋር እዚሁ ላኪልኝ፤ አይቼ እነግርሻለሁ።