መርዶ ይዛችሁ ለምትሄዱ ልጆቼ

ከሠራዊቱ ጋር ለማገልገል የተነሣችሁ ወጣት ካህናትና ዲያቆናት ሆይ፣ ስብከቱን ተምራችሁታል። እኔ የምጽፍላችሁ ስለ ስም ነው።

ወታደር በመዝገብ የሚታወቀው በዓለም ስሙ ነው፤ ፍትሐት የሚደረግለት ግን በክርስትና ስሙ ነው። ከሞተ በኋላ ሲጠየቅ እናት በድንጋጤ ትረሳዋለች፤ ክርስትና አባቱም ሩቅ አገር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ልጁ ሳይዘምት የዓለም ስሙን፣ የክርስትና ስሙን፣ የንስሐ አባቱን ስምና ደብር፣ መርዶ በመጀመሪያ የሚነገረውን ዘመድ፣ የቤተሰቡን እድር በደብተራችሁ ጻፉ። ሟርት እንዳይመስለው ለንስሐ በመጣ ጊዜ ጠይቁት።

መርዶ በስልክ አይነገርም። በዋዜማው ለእድሩ ዳኛና ለሁለት ሦስት የቅርብ ዘመዶች ብቻ ንገሩ፤ ነፍሰ ጡር፣ አራስ ወይም የልብ ሕመምተኛ በቤቱ መኖሩንም ጠይቋቸው። ሰው ሥራ ሳይወጣ በማለዳ ሂዱ። ድንኳን ከመርዶ አይቅደም። ቤቱ በተጠጋጋበት ሰፈር የድንኳን ብረት ሲራገፍ ጓዳ ድረስ ይሰማል፤ ሁለት ሦስት ልጅ ያዘመተች እናት የትኛው እንደሆነ እስኪነገራት ሁሉንም ታለቅሳለች።

«ቆስሏል» አትበሉ፤ የትኛው ሆስፒታል ነው ብላ ነጠላዋን ታነሣለች። ስሙን ጠርታችሁ «ዐርፏል» በሉ። ስለ አሟሟቱ ያላረጋገጣችሁትን አትጨምሩ፣ ጓደኛው ከግንባር ተመልሶ ሌላ ይናገራልና።

የሞተበትን ቀን አጣሩ። ሠልስቱ፣ ሰባቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ ከዚያ ይቆጠራል። መርዶው ዘግይቶ አርባው ቢያልፍ እንኳ ፍትሐቱ አይቀርም፤ ቀኑን ከንስሐ አባቱ ጋር ቁረጡ።

ከሁሉ የሚከብደው አስከሬን ያልመጣለት ቤት ነው። «ተማርኮ ይሆናል» የሚል ዘመድ አይጠፋም። አትቆጡት፣ ግን ያልተጨበጠ ተስፋም አትስጡት። ስድስት ኪሎ በሚገኘው የየካቲት 12 ሐውልት በየዓመቱ የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል፤ በ1929 ዓ.ም. ከተጨፈጨፉት የብዙዎቹ መቃብር ግን አይታወቅም። መቃብር የሌለው ሰው መታሰቢያ እንደማያጣ ለቤተሰቡ ይህን አሳዩ።

የሙስሊም ወታደር ቤት ከሆነ ኢማሙና ሽማግሌዎቹ ይቅደሙ። አስከሬን በሌለበት ስለሚሰገደው ሶላት የሚወስኑት እነሱ ናቸው፤ የእናንተ ድርሻ አብሮ መቀመጥ ነው።

ድንኳኑ ሲነሣ ሰው ይበተናል፣ የወረቀቱ ጣጣ ግን ገና ይጀምራል። የሞት ምስክር ወረቀት፣ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ፣ ከዚያ የጡረታው ጉዳይ አለ። ሚስቲቱ በሐዘን ልብሷ ብቻዋን ሰልፍ እንዳትይዝ ከሰንበት ተማሪዎች አንድ ጽሕፈት የሚችል አብሯት እንዲሄድ መድቡላት።