ቅጠሉ ያለጊዜው የሚረግፈው ክራብ አፕል

ጥያቄ፦ ለአበባው ብዬ የተከልኩት ክራብ አፕል (ፍሬው ትንንሽ የሆነ የፖም ዓይነት) አበባው እንዳለፈ ቅጠሉ ላይ ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ይወጣና ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። ከግንዱ ሥርም ቀጫጭን ቀንበጦች በቅለው አስቸገሩኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ነጠብጣቡ ወይራማ ቡኒ፣ ዳሩም ያልጠራ ከሆነ ስካብ የሚባለው የፈንገስ በሽታ ነው። ዛፉን አይገድለውም፤ በየዓመቱ ቅጠሉን ከጨረሰው ግን እየደከመ አበባው ይሳሳል። ፈንገሱ በወደቀው ቅጠል ውስጥ ከርሞ፣ አዲስ ቅጠል ሲወጣ በዝናብ ጊዜ ይዛመታል። ስለዚህ የረገፈውን አንድም ሳያስቀሩ ይጥረጉ፤ ውኃም ከላይ ሳይሆን ከሥሩ ያጠጡ። ፀረ ፈንገስ የሚረጨው እምቡጡ መፈንዳት ሲጀምር ነው፤ ነጠብጣቡ ከታየ በኋላ መርጨት ገንዘብ መጣል ነው። ገና የሚተክሉ ከሆነማ ስካብን የሚቋቋም ዝርያ መምረጥ ከሁሉም ይሻላል።

ቀንበጦቹ የሚወጡት ዛፉ በችግኝነቱ ተቀጥሎ ከተጣበቀበት ሌላ የፖም ሥር ነው፤ የሚፈልጉትን አበባ አይሰጡም። አፈሩን ገለጥ አድርገው ከመነሻቸው ያንሷቸው፤ ከመሬት እኩል ከቆረጧቸው በዝተው ይመለሳሉ። ሌላውን ቅርንጫፍ መግረዝ ካሰቡ አበባው እንዳበቃ ወዲያው ይግረዙ፤ ካዘገዩ የመጪውን ዓመት እምቡጥ አብረው ይቆርጣሉ። ዩሪያም አያብዙ፤ ቅጠል እንጂ አበባ አያመጣም።